ስንጥቁን ከላይ አትፈልጉት

(ቤታቸው ኬክ እየጋገሩ ለሚያስውቡ ሰዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ እንዳለ የቀረበ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ። ቆማችሁ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ባዶ ወንበር አለ። የፊት ወንበር ለምን እንደሚፈራ እንጃ። አልናከስም።

በቅድሚያ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እውነቴን ነው፣ ስለ ኬክ ስንጥቅ ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ግን ሳስበው ይገባኛል። ጋግራችሁ፣ ክሬም ቀብታችሁ፣ አበባውን አንድ በአንድ ሠርታችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ፣ ጠዋት በሩን ስትከፍቱት ከአናቱ እስከ ጎኑ አንድ ረጅም መስመር! እስቲ ይህ ያልደረሰበት ሰው እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም እጅ የለም።

እንግዲህ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚለው ምንድን ነው? «ክሬሙ ምን ጎድሎት ይሆን?» ነው። ቀጥሎ ክሬሙን ይቀይራል። ስኳር ይጨምራል፣ ቅቤ ይቀንሳል፣ ሌላ አሠራር ይፈልጋል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስንጥቅ ያው ቦታ ላይ ይመጣል። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ቀለም ቀቢ ብትጠሩ ምን ይጠቅማል? ቀለሙ ምን አጠፋ? መታየት ያለበት መሠረቱ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከዚህች አንድ ሐሳብ አይወጣም። ስንጥቅ ማለት ከስር ያለው ተንቀሳቅሶ፣ ከላይ ያለው አብሮት መሄድ ሲያቅተው ነው። በቃ። ስለዚህ የተሰነጠቀ ኬክ ፊታችሁ ሲቀመጥ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ከስር ምን ተንቀሳቀሰ? ከላይ ያለውስ ለምን አብሮ መሄድ አቃተው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዙልኝ። በየነጥቡ እመለስባቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥቤ ምድጃው ነው።

ኬክ ምድጃ ውስጥ ከየት በኩል ነው መብሰል የሚጀምረው? ከዳር። መጋገሪያው ብረት ነው፤ ቶሎ ይሞቃል። ብረቱን የነካው ሊጥ ቀድሞ ይረጋል። የላዩም ፊት ደርቆ ቅርፊት ያበጃል። መሀሉ ግን ገና ፈሳሽ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ ሥራውን አልጨረሰም። ጋዙ ይሰፋል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ሊጡ ያብጣል። ዳሩ ተዘግቷል፤ ላዩም ተዘግቷል። ታዲያ የት ይሂድ? ቅርፊቱን ቀዶ ይወጣል። ኬኩን ስታወጡት አናቱ አብጦ፣ መሀሉ ላይ ተተርትሮ ታገኙታላችሁ።

ይህ የሚብሰው ሙቀቱ ሲበዛ ነው። ብዙ አሠራሮች 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላሉ። ለሚዋብ ኬክ ግን እኔ 160 ወይም 165 ነው የምወደው። ጊዜው ይረዝማል። ይርዘም! ዳሩና መሀሉ ተቀራርበው ሲበስሉ ላዩ ደልዳላ ሆኖ ይወጣል። መጋገሪያውን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት። ሊጡ ከመጋገሪያው ቁመት ከሦስት ሁለት እጅ አይለፍ። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ለ125 ግራም ያህል ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። «በደንብ ይነፋልኝ» ብሎ መጨመር ለስንጥቅ መጋበዝ ነው። ዱቄቱ ከገባ በኋላም እንደተዋሃደ ማማሰሉን ተዉት። ብዙ ሲማሰል ሊጡ ይጠነክራል፤ የጠነከረ ሊጥ ደግሞ ሲነፋ ይቀደዳል።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ኬኳ ሁልጊዜ ይተረተራል። ዱቄት ቀየረች፣ እንቁላል ጨመረች፣ ቤኪንግ ፓውደር ቀነሰች። ወይ ፍንክች! አንድ ቀን ቤቷ ሄድኩና ትንሽ የምድጃ ቴርሞሜትር ውስጥ ሰቀልኩላት። የምድጃው ቁልፍ 170 ላይ ነው። ቴርሞሜትሩ 200 አልፏል። ልጅቷ ለስንት ጊዜ ያላጠፋውን ዱቄት ስትወነጅል ኖራለች። የምድጃ ቁልፍ ቁጥር ይናገራል እንጂ ሙቀት አይለካም። አደራ፣ ከማስዋቢያ ዕቃ ሁሉ በፊት ቴርሞሜትር ግዙ።

አንድ ሌላ ዘዴም አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በመጋገሪያው ቁመት ልክ ቅደዱ። በውኃ ንከሩት፣ ጨምቁት፣ በፎይል ጠቅልላችሁ መጋገሪያውን ዙሪያውን እሰሩት። ጨርቁ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ዳሩ አይቸኩልም፤ መሀሉን ይጠብቀዋል። ኬኩ ጠረጴዛ ሆኖ ይወጣላችኋል፤ የሚቆረጥ አናት እንኳ አይኖረውም።

በነገራችን ላይ፣ በረጅም መጋገሪያ የሚጋገረው በቅቤ የከበደው ኬክ አናቱ ላይ ቢሰነጠቅ አትደንግጡ። የእሱ መልኩ ነው። ሳይዋብ ተቆርጦ የሚበላ ከሆነ እንዲያውም ያምርበታል።

ከምድጃ ሲወጣ መጋገሪያው ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ሽቦ ላይ ገልብጡት። ትኩሱን ከገለበጣችሁት ይፈርሳል። መጋገሪያው ውስጥ ከረሳችሁት ደግሞ ይረጥብና ይጣበቃል። ይህን ብዙ አላወራበትም፤ ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

ሁለተኛው ነጥብ፦ መደራረብ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ ነው፤ ምክንያቱም የቤት ኬክ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው።

ያበጠ አናት ያለውን ኬክ ሳትቆርጡ ሌላ ኬክ ብትደርቡበት ምን ይሆናል? የላይኛው የሚያርፈው መሀሉ ላይ ብቻ ነው። ዳሩ ሁሉ አየር ላይ ነው። «ችግር የለም፣ ክሬም እሞላበታለሁ» ትላላችሁ። ትሞላላችሁ፤ ለጊዜው ያምራል። ክሬም ግን ምሰሶ አይደለም። ቀስ በቀስ ዳሩ ወደ ታች ይወርዳል። መሀሉ አይወርድም። ላዩ ላይ ያለው ማስዋቢያ መሀል ለመሀል ይከፈላል። ምን ተንቀሳቀሰ? ዳሩ። ስለዚህ አናቱን ቁረጡ። ኬኩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ከተቻለ ፍሪጅ ይደር። የቀዘቀዘ ኬክ አይፈረፈርም፤ ረጅም ባለ ጥርስ ቢላዋ ቀጥ ብሎ ይሄድበታል። የመጨረሻውን ንብርብር ደግሞ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። መጋገሪያው ስር የነበረው ፊት ወደ ላይ ይሆናል። ከእሱ የበለጠ ለጥ ያለ ፊት አታገኙም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኬክ ከተደራረበ በኋላ ይቀመጣል። ምን ማለቴ ነው? ስፖንጁ፣ ማለትም የተጋገረው ኬክ ራሱ፣ ውስጡ አየር አለ፤ መሙያው ለስላሳ ነው፤ ክብደት አለ። በሰዓታት ውስጥ ኬኩ ትንሽ ዝቅ ይላል። መሙያውም ወደ ጎን ይገፋል። ይህ አይቀርም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ የሚቀመጠው ከመሸፈኑ በፊት ነው ወይስ ከተሸፈነ በኋላ?

የእህቴ ልጅ አንድ ምሽት ደወለችልኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «አክስቴ፣ ኬኩ ቀበቶ አወጣ!» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሄድኩ። ሦስት ንብርብር ያለው፣ በነጭ ፎንዳንት፣ ማለትም እንደ ሊጥ ተዳምጦ በሚለብሰው የስኳር ሽፋን፣ የተሸፈነ ቆንጆ ኬክ ነው። ዙሪያውን ሁለት ቦታ ላይ አብጦ እንደ ቀለበት ወጥቷል። እብጠቱ ላይ ፎንዳንቱ አግድም ተሰንጥቋል። መቼ ጋገርሽው? ዛሬ ጠዋት። መቼ ሸፈንሽው? ከሰዓት። መሙያው ምንድን ነው? ጃም፣ እስከ ዳር ድረስ። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ፎንዳንቱን ልጠን አወለቅነው፣ የተገፋውን ጃም ጠረግነው፣ ሌሊቱን አስቀመጥነውና ጠዋት እንደገና ሸፈንነው። ኬኩ ከመጀመሪያው አንድ ጣት ያህል አጥሮ ነበር። አስቡት! ያ ቁመት በሙሉ ፎንዳንቱ ውስጥ ሆኖ ነበር የሚወርደው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ጃምም ሆነ ሌላ ለስላሳ መሙያ ስትጠቀሙ መጀመሪያ ዙሪያውን ጠንከር ባለ የቅቤ ክሬም አጥሩት። መሙያው ከአጥሩ ቁመት በታች ይሁን። ደራርባችሁ ስትጨርሱ ኬኩን በላስቲክ ጠቅልሉት። ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ሰሌዳና አንድ ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ስስ መጽሐፍ፣ አስቀምጡ። ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል አዳሩን፣ ተዉት። ቀበቶው ይውጣ! አሁን ይውጣ። በስፓቱላ ትጠርጉታላችሁ። ከዚያ ስስ የመጀመሪያ ክሬም ቀብታችሁ ፍርፋሪውን ያዙት፤ አቀዝቅዙት፤ ከዚያ በኋላ ዋናውን ሸፍኑ።

ፎቅ ያለው ኬክ የምትሠሩ ካላችሁ፣ የላይኛውን ፎቅ የታችኛው ስፖንጅ እንዲሸከመው አትጠብቁ። ታች ያለው ኬክ ውስጥ የእንጨት ዘንግ ወይም ወፍራም ስትሮ በእኩል ቁመት ቆርጣችሁ ትከሉ። የላይኛው ፎቅ በራሱ ሰሌዳ ላይ ሆኖ እነዚያ ላይ ይረፍ። አንዱ ዘንግ ካጠረ የላይኛው ፎቅ ያዘነብላል፤ ስንጥቁም በዚያ በኩል ይወጣል።

ሦስተኛው ነጥብ፦ ሸፋኙ ራሱ። እስካሁን ምን ተንቀሳቀሰ ስንል ነበር። አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመጣለን። ከላይ ያለው ለምን አብሮ መሄድ አቃተው? ስለደረቀ፣ ስለደነደነ ወይም ስለሳሳ ነው።

በፎንዳንት እንጀምር። ፎንዳንት ጠላቱ አየር ነው። ከመጠቅለያው እንደወጣ መድረቅ ይጀምራል። ጠርዙ ላይ ብዙ ስስ ስስ መስመሮች፣ የተሸበሸበ ቆዳ የሚመስሉ፣ ካያችሁ ነገሩ ድርቀት ነው። ለምን ይደርቃል? አንደኛ፣ ሳይሸፈን ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ እጅ ላይ እንዳይጣበቅ ተብሎ የበቆሎ ስታርች ወይም የዱቄት ስኳር ይነሰነስበታል፣ ደግሞ ይነሰነስበታል፣ ደግሞ ይነሰነስበታል። ያ ዱቄት እርጥበቱን ይጠጣዋል። ከስታርች ይልቅ እጃችሁን በረጋ የአትክልት ዘይት ቀባ ቀባ አድርጉ። በደንብ እሹት፤ ከእጃችሁ ሙቀት ይለስልስ። ስትስቡት ሳይበጠስ የሚለጠጥ መሆን አለበት። ቶሎ ከተበጠሰ ገና ነው። እምቢ ካለ ጥቂት ጠብታ ግሊሰሪን ጨምሩበት። ለምግብ የሚሆነውን ነው ታዲያ፤ ለቆዳ የምትቀቡትን እንዳታመጡ!

ውፍረቱስ? 3 ወይም 4 ሚሊሜትር። ከዚያ ሲሳሳ ኬኩ ጠርዝ ላይ ይቀደዳል። ሲወፍር ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎተትና የላይኛው ጠርዝ ላይ ይበጠሳል። ብዙ ሰው «ወፍራም ይሻላል፣ ይጠነክራል» ይላል። አይጠነክርም፤ ይከብዳል። ኬኩ ላይ ስታለብሱት መጀመሪያ የላዩንና የጠርዙን ቦታ በእጃችሁ ያዙት፤ ጎኑን ቀጥሉ። ጎኑን ቀድማችሁ ወደ ታች ከሳባችሁት የጠርዙን ፎንዳንት እያሳሳችሁት ነው። ፍጠኑም። በዝግታ የሚያምር ሥራ ብዙ አለ፣ ፎንዳንት ማልበስ ግን አንዱ አይደለም።

የቅቤ ክሬምስ? ስኳሩ ሲበዛ ላዩ ይደርቅና ስስ ቅርፊት ያበጃል። ያ ቅርፊት ትንሽ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በክብደት አንድ እጅ ቅቤ ለሁለት እጅ የዱቄት ስኳር የተለመደ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ስኳር ከገባ ስንጥቅ ጠብቁ። ሲጠነክርባችሁ ትንሽ ወተት ይመልሰዋል። ፍሪጅ ውስጥ ሳይሸፈን ማሳደርም ያደርቀዋል፤ ካርቶን ውስጥ አድርጉት።

ቸኮሌት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቀልጦ የቀዘቀዘ ንጹሕ ቸኮሌት ሲረጋ ይኮማተራል። በጣም ከቀዘቀዘ ኬክ ላይ ካፈሰሳችሁት ደግሞ ቸኮሌቱ በድንገት ረግቶ ይደነድናል፤ ኬኩ ክፍል ሙቀት ሲለምድ ይሰፋል። አንዱ ሲጠብ ሌላው ሲሰፋ፣ ጣ! ይላል። አንዳንዴ ድምፁን ትሰሙታላችሁ፤ እኔ ሰምቼዋለሁ። መፍትሔው ቸኮሌቱን ማለስለስ ነው። ጋናሽ የሚባለው የቸኮሌትና የክሬም ድብልቅ የሚሠራው ለዚህ ነው። ለመሸፈኛ ሁለት እጅ ጥቁር ቸኮሌት ለአንድ እጅ ክሬም፤ ነጭ ቸኮሌት ከሆነ ሦስት እጅ ለአንድ። ክሬሙ ውስጥ ያለው ስብና ውኃ ቸኮሌቱን ተጣጣፊ ያደርገዋል።

በእንቁላል ነጭና በዱቄት ስኳር የሚሠራው፣ ደርቆ ድንጋይ የሚሆነው ሽፋን ደግሞ አለ። ሙሉ ኬክ ልትሸፍኑበት ከሆነ ለግማሽ ኪሎ የዱቄት ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን ጨምሩ። ቢላዋ ሲገባበት ብትንትን አይልም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፦ ማንሳትና ማጓጓዝ። ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ፣ ይህን ይዛችሁ ውጡ። ሰሌዳው! ሰሌዳው! ሰሌዳው!

ኬኩ ቆንጆ ነው። ተቀምጧል፣ ተሸፍኗል፣ ደርቋል። ከስሩ ግን ስስ ካርቶን ነው። አሁን ይህን ኬክ በአንድ እጅ ከመሀሉ ስር አንሱት። ምን ይሆናል? የካርቶኑ ዳርና ዳር ወደ ታች ይታጠፋል። ኬኩ አብሮ ይታጠፋል። የላዩ ፊት ይለጠጣል። የተለጠጠ ክሬም ምን ይሆናል? ላዩ ላይ፣ መሀል ለመሀል ይሰነጠቃል። አሁን ደግሞ በሁለት እጅ ከዳርና ዳር አንሱት። ካርቶኑ መሀሉ ላይ ይረግባል። በዚህ ጊዜ የሚለጠጠው የታችኛው ነው። ስንጥቁ ከጎኑ፣ ከሰሌዳው አጠገብ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ጥፋታቸው አንድ ነው፤ የወጡበት ቦታ ብቻ ይለያያል።

ለዚህ ነው ስንጥቅን ማንበብ የሚያስፈልገው። ዙሪያውን አግድም ከሄደ ሳይቀመጥ ተሸፍኗል። ጎኑ ላይ ከታች ወደ ላይ ከወጣ ሰሌዳው ታጥፏል። ጠርዙ ላይ ተሸብሽቦ ከተሰነጣጠቀ ደርቋል። ላዩን ለሁለት ከከፈለው ወይ በአንድ እጅ ተነስቷል፣ ወይ ከስሩ ያበጠ አናት አለ። ከመጠገናችሁ በፊት አንብቡት!

ሰሌዳው 12 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ይሁን። ከኬኩም በየጎኑ ጥቂት ሴንቲሜትር ይስፋ፤ እጃችሁ የሚይዘው እሱን እንጂ ኬኩን እንዳይሆን። ያ ካልተገኘ ሁለት ሦስት ካርቶን በሙጫ አጣብቁና በፎይል ሸፍኑት። ስታጣብቁ ግን የካርቶኑን ውስጣዊ መስመር አቅጣጫ አንዱን በቁመት፣ ሌላውን በወርድ አድርጉት። ካርቶን የሚታጠፈው በመስመሩ በኩል ነው፤ ሲመሳቀል መታጠፊያ ያጣል። ኬኩን ከመደራረባችሁ በፊት ባዶውን ሰሌዳ አንሱና በእጃችሁ ሞክሩት። ከታጠፈ አይሆንም።

መኪና ውስጥ የት ታስቀምጡታላችሁ? ወንበር ላይ? የመኪና ወንበር ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ጭን ላይ? ጭን የሚባለውን ነገር ጭራሽ አታንሱብኝ። ሰው ያስነጥሳል፣ ይዞራል፣ ስልክ ያነሳል። መሬቱ ላይ፣ ደልዳላው ቦታ ላይ፣ ከስሩ የማያንሸራትት ምንጣፍ አድርጋችሁ። የቅቤ ክሬም ኬክ ቀዝቅዞ ሲጓዝ ይሻለዋል፤ ቅቤው ስለሚጠነክር ኬኩን አቅፎ ይይዘዋል። ከፍሪጅ የወጣ ፎንዳንት ግን ካርቶኑ ውስጥ እንደተዘጋ ክፍል ሙቀት ይልመድ። ቶሎ ከከፈታችሁት ላብ ያልበዋል፤ ላቡን በጨርቅ ልጥረግ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቢሰነጠቅስ? ይጠገናል። ፎንዳንቱ ላይ ስስ መስመር ከሆነ ጣታችሁን በረጋ ዘይት ነክታችሁ ቦታውን እያዞራችሁ እሹት፤ ይገጥማል። ሰፋ ካለ ከዚያው ፎንዳንት ቁራጭ ወስዳችሁ በጥቂት ውኃ አቅጥኑት፣ ስንጥቁ ውስጥ ሙሉት፣ ትርፉን ጥረጉት። ቀለም ያለው ከሆነ ቁራጩን ከዚያው ቀን ቅሪት አስቀሩ፤ ያንኑ ቀለም ደግሞ መሥራት አበሳ ነው። የቅቤ ክሬም ከሆነ ስፓቱላውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቁና በስንጥቁ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፉት። ደጋግማችሁ ከሄዳችሁበት ታቀልጡታላችሁ። አበባ ከላይ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ማንም አይከለክላችሁም። ግን ስር ያለው አሁንም የሚንቀሳቀስ ከሆነ አበባውም አብሮ ይሄዳል። ጎኑ ከታች ከተሰነጠቀ ክሬም ከማንሳታችሁ በፊት ከስሩ ጠንካራ ሰሌዳ ጨምሩ፤ ከዚያ ጠግኑ።

ስለ ታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ የተሰነጠቀ ኬክ ፎቶ ስልኩ ላይ ያለውም ይምጣና አብረን እንየው። መጀመሪያ ግን የት ጋ እንደተሰነጠቀ ንገሩኝ።